አሳማኝ የአቋም ጽሑፍ (ፖዚሽን ፔፐር) እንዴት ይጻፋል? ዝርዝር መመሪያ

ብዙ የአቋም ጽሑፎች የሚወድቁት በቋንቋ ድክመት አይደለም። አንባቢው ሦስት ገጽ አንብቦ "እሺ፣ ታዲያ ምን ይደረግ ነው የምትሉት?" ብሎ ስለሚጠይቅ ነው። ጸሐፊው ስለ ርዕሱ ብዙ ያውቃል፤ ያነበበውንም ሁሉ ደርድሯል። የቆመበትን ቦታ ግን አልተናገረም። ወይም ተናግሮ፣ የማይስማማ ሰው የሚያነሳውን ጥያቄ ሳይነካ አልፏል።

የአቋም ጽሑፍ አከራካሪ በሆነ ጉዳይ አንድ ወገን ይዞ፣ ገና ያልተስማማን አንባቢ በማስረጃ የሚያሳምን ጽሑፍ ነው። "ገና ያልተስማማ" የምትለዋን ያዙልኝ። ከዚህ በታች ያለው ደረጃ ሁሉ የሚሠራው ለዚያ ሰው ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንዘልቃለን፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጠዋት ትምህርት የሚጀምሩበት ሰዓት ይዘግይ ወይስ አይዘግይ? ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱ ግን በአማርኛው ነው፤ ከጠዋቱ 2፡30 ስል ፈረንጆቹ 8፡30 የሚሉትን ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- የተሰጣችሁን መመሪያ። ስንት ገጽ ነው? ምንጭ የሚጠቀሰው በየትኛው ሥርዓት ነው? የማስረከቢያው ቀን መቼ ነው? ከመጻፋችሁ በፊት አንዴ፣ ከማስረከባችሁ በፊት ደግሞ አንዴ አንብቡት።
- አራት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ። በወረቀትም በኮምፒውተርም ይሆናል። ዓምዶቹ፦ ማስረጃው፣ ምንጩና ገጹ፣ ምን ያረጋግጣል፣ ምን አያረጋግጥም።
- ከእናንተ ጋር የማይስማማ አንድ ሰው። ረቂቁን አንብቦ በግልጽ የሚናገራችሁ ይሁን። ካሁኑ ቀጠሮ ያዙ፤ በመጨረሻው ቀን አይገኝም።

ጊዜያችሁን ስትከፋፍሉ ግማሹን ያህል ለንባብ ተዉት። ከቀረው ላይ ደግሞ ለእርማት የሚበቃ ቀን አስቀሩ።

ደረጃ 1፦ የምታሳምኑትን ሰው ለዩ

"ሁሉም ሰው" አንባቢ አይደለም። ውሳኔው በማን እጅ ነው? በምሳሌያችን የትምህርት ሰዓትን የሚወስነው የትምህርት ቦርዱ ነው እንበል። ስለ ቦርዱ ሦስት ነገር ጻፉ፦

1. ምን ማድረግ ይችላል? ሰዓት መቀየር ይችላል። የተማሪዎችን ስልክ ማታ ማታ መዝጋት ግን አይችልም።
2. ምን ይፈራል? የትራንስፖርት ወጪ፣ የወላጅ ቅሬታ፣ ከትምህርት በኋላ የሚካሄደው ስፖርት መዛባት።
3. ምን ያውቃል? ተማሪዎች ጠዋት እንደሚያንቀላፉ ያውቃል። ምክንያቱ ግን ስንፍና ይመስለው ይሆናል።

ሁለተኛው መልስ ወርቅ ነው። ደረጃ 6 ላይ የምትመልሱት ተቃውሞ በሙሉ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ለሞዴል ተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ (ተማሪዎች የተመደበላቸውን አገር ወክለው ለሚከራከሩበት ጉባኤ) የምትጽፉ ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አቋሙ የተመደበላችሁ አገር ነው፤ የእናንተ የግል አመለካከት እዚያ ቦታ የለውም። "እኔ" አትበሉ። አገሪቱ ከዚህ በፊት ምን ብላ ድምፅ እንደሰጠች ፈልጉ። ስምምነቱን የፈረመች መሆኗን ብቻ አይታችሁም አትለፉ፤ አጽድቃዋለች ወይ የሚለውንም እዩ። መፈረምና ማጽደቅ ለየቅል ናቸው። ሁለቱን ያምታታ ጽሑፍ ነገሩን በሚያውቅ ሰው ፊት ወዲያው ይጋለጣል።

ደረጃ 2፦ ርዕሱን ወደ አቋም ቀይሩ

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። "የተማሪዎች እንቅልፍ" ርዕስ እንጂ አቋም አይደለም። አንድ አቋም እንዴት እየጠራ እንደሚሄድ ተመልከቱ።

መጀመሪያ፦ "እንቅልፍ ለተማሪዎች በጣም አስፈላጊ ነው።" ማን ይቃወማል? ማንም። ተቃዋሚ የሌለው ዐረፍተ ነገር አቋም ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛ፦ "ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች እንቅልፍ ትኩረት ሊሰጡ ይገባል።" ትንሽ ተሻለ። ግን ትኩረት መስጠት ማለት ምን ማድረግ ነው? ቦርዱ ይህን አንብቦ ራሱን ይነቀንቅና ምንም ሳያደርግ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሦስተኛ፦ "የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ከጠዋቱ 2፡30 በፊት እንዳይጀምር የትምህርት ቦርዱ ከሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ጀምሮ ሊወስን ይገባል።" አሁን ማን፣ ምን፣ መቼ የሚለው ሁሉ ተመልሷል። እምቢ ማለትም ይቻላል።

የእናንተን አቋም በሦስት ጥያቄ ፈትኑት። ጤነኛ አእምሮ ያለው፣ ቅን የሆነ ሰው ሊቃወመው ይችላል? የሚፈጽመው አካል ታውቋል? በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል? አንዱ እንኳ "አይ" ከሆነ ወደ ቀጣዩ አትለፉ።

ካልተሳካላችሁ፦ ዐረፍተ ነገሩን በዚህ ቀመር ጀምሩት፦ "እገሌ ይህን ማድረግ አለበት፤ ምክንያቱም... ምንም እንኳ..."። "ምንም እንኳ" ከሚለው በኋላ የምትጽፉት ነገር ካጣችሁ፣ ወይ ርዕሱ አከራካሪ አይደለም፣ ወይ ገና አላነበባችሁም።

ይህ አቋም ደግሞ ጊዜያዊ ነው። ንባቡ ሊያስቀይራችሁ ይችላል፤ ፍቀዱለት።

ደረጃ 3፦ ማስረጃ ሰብስቡ፤ ከተቃዋሚው ጀምሩ

መጀመሪያ የሚቃወሟችሁን አንብቡ። የሚደግፋችሁን ካስቀደማችሁ ተቃዋሚውን የምታነቡት ስህተቱን ለመልቀም ብቻ ይሆናል።

ከዚያ ወደ ምንጩ ውረዱ። ዜና ስለ ጥናት ሲያወራ ጥናቱ ራሱ አይደለም። "ትምህርት ዘግይቶ ሲጀምር ተማሪዎች የተሻለ ተኙ" የሚል ዜና አገኛችሁ እንበል። ዋናውን ጥናት ስትከፍቱ ዝርዝሩ ይመጣል። የሲያትል ከተማ በ2016 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መጀመሪያን ከጠዋቱ 1፡50 ወደ 2፡45 አዛወረች። ተመራማሪዎች በሁለት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን እንቅልፍ በእጅ አንጓ ላይ በሚታሰር መሣሪያ ለኩ። በ2018 የታተመው ውጤት የዕለት እንቅልፉ መካከለኛ መጠን በ34 ደቂቃ መጨመሩን አሳየ። ሰዓቱ ከመቀየሩ በፊትና በኋላ የተለኩት ግን ያው ተማሪዎች አይደሉም፤ የተለያዩ ዓመታት ተማሪዎች ናቸው።

ይህን በሰንጠረዡ ላይ አስፍሩት። ምን ያረጋግጣል? ተማሪዎቹ የተጨመረላቸውን ጊዜ በሙሉ በማምሸት አላጠፉትም፤ ጉልህ ክፍሉ ለእንቅልፍ ውሏል። ምን አያረጋግጥም? በሌላ ከተማ፣ ሌላ ዓይነት ኑሮ ባላቸው ተማሪዎች ላይ ልክ 34 ደቂቃ ይገኛል ማለትን አያረጋግጥም። አራተኛውን ዓምድ በሐቀኝነት የሞላ ሰው ተቃዋሚው በቀላሉ አይጥለውም።

ሁሉም ማስረጃ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። ይህን ለዩ፦

የባለሙያ አቋም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2014 ባወጣው መግለጫ ትምህርት ከ2፡30 በፊት እንዳይጀምር መክሯል። ይህ የሚያሳየው ጉዳዩን የሚያውቁ ሰዎች በማስረጃው አምነው መቆማቸውን ነው። ብቻውን ግን "ሐኪሞች ስላሉ" ከማለት አያልፍም፤ ምን አይተው እንዳሉ ጨምሩ።

የሌላ ቦታ ልምድ። ካሊፎርኒያ በ2019 ባጸደቀችው፣ በ2022 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከ2፡30 በፊት እንዳይጀምር ከልክላለች። ይህ መደረግ እንደሚቻል ያሳያል። መጥቀሙን ግን አያሳይም። ብዙ ጸሐፊዎች ሁለቱን አንድ አድርገው ይጽፉና እዚያው ላይ ይያዛሉ።

ልኬት። እንደ ሲያትሉ ያለ ነው። ማንን፣ ስንት ጊዜ፣ በምን እንደለካ አብራችሁ ጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምንጭ እንዲፈልግላችሁ ከጠየቃችሁ፣ የሰጣችሁን እያንዳንዱን ምንጭ ራሳችሁ ከፍታችሁ አንብቡ። የሌለ ጥናት ከነደራሲው ስም አሳምሮ ይፈጥራል። አንድ የሌለ ምንጭ የቀረውን ጽሑፋችሁን በሙሉ ያስጠረጥራል።

ማስረጃው አቋማችሁን ከተቃረነ፦ አትደብቁት። አቋሙን አጥብቡ። የካሊፎርኒያው ሕግ ራሱ የገጠር ወረዳዎችን ነፃ አድርጓል። "በሁሉም ቦታ" ያላችሁትን "በከተማ ትምህርት ቤቶች" ማለት ሽንፈት አይደለም።

ደረጃ 4፦ ንድፉን አውጡ

ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳትጽፉ ቅደም ተከተሉን ብቻ አስቀምጡ፦

1. አቋሙ፣ በመጀመሪያው አንቀጽ
2. አጭር ዳራ
3. ሁለት ወይም ሦስት ምክንያት
4. ተቃውሞዎቹና መልሳቸው
5. ምን ይደረግ

ዳራው ላይ ጨክኑ። ጸሐፊዎች እዚያ ያመሻሉ፤ ታሪክ መተረክ ከመሟገት ስለሚቀል ነው። አቋሙን ለመረዳት የማያስፈልግ ዳራ ይውጣ። ጽሑፉ አራት ገጽ ከሆነ ዳራው ከግማሽ ገጽ አይለፍ።

ጠንካራውን ምክንያት አስቀድሙ። ማጠናቀቂያ ላይ ቢመጣ ይደምቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ውሳኔ ሰጪ ሰው እስከ መጨረሻው ለማንበቡ ዋስትና የለም። ስድስት ምክንያት ካላችሁ ደግሞ ሦስቱን ሰርዙ። ደካማ ምክንያት ጠንካራውን ይዞ ይወርዳል፤ ተቃዋሚው መልስ የሚሰጠው ለደካማው ነውና።

ደረጃ 5፦ የምክንያት አንቀጾቹን ጻፉ

በእያንዳንዱ አንቀጽ ውስጥ አራት ነገር ይኑር፦ ነጥቡ፣ ማስረጃው፣ ድልድዩ፣ ውጤቱ። ድልድይ ያልኩት "ይህ ማስረጃ ነጥቤን የሚደግፈው እንዴት ነው?" የሚለውን መልስ ነው። በረቂቆች ላይ አዘውትሮ የሚጎድለው እሱ ነው። ለጸሐፊው ግልጽ ስለሆነ ለአንባቢውም ግልጽ ይመስለዋል።

ይህን አንቀጽ እዩ፦

"የጠዋት ችግሩ የተማሪው ስንፍና አይደለም። በጉርምስና ዕድሜ የሰውነት ሰዓት ይዘገያል፤ እንቅልፍን የሚጋብዘው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ከልጅነት ጊዜው ይልቅ አምሽቶ ይመነጫል። የ16 ዓመት ልጅ በጊዜ አልጋ ላይ ቢወጣም እንቅልፍ ቶሎ አይወስደውም። በዚህ ዕድሜ የሚመከረው ደግሞ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ መተኛት ነው። ማታው የማይቀደም ከሆነ እንቅልፉ የሚቆረጠው ከጠዋቱ ነው። ስለዚህ 'በጊዜ ተኙ' ብሎ መምከር ብቻውን አይበቃም፤ ቦርዱ ሊነካው የሚችለው የመነሻውን ሰዓት ነው።"

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ነጥቡ ነው። ስለ ሆርሞኑና ስለ እንቅልፍ መጠኑ የተባለው ማስረጃው ነው። "ማታው የማይቀደም ከሆነ" የሚለው ድልድዩ ነው። የመጨረሻው ወደ አቋሙ ይመልሰናል፤ ያውም በቦርዱ ሥልጣን ልክ። ድልድዩን አውጥታችሁ ደግማችሁ አንብቡት። ማስረጃውና መደምደሚያው ተለያይተው ይቀራሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁለት ነገር አብሮ መታየቱ አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም። ዘግይተው የሚጀምሩ ትምህርት ቤቶች ውጤታቸው የተሻለ ቢሆን፣ ቀድሞውኑ የተሻለ አቅም ስላላቸው ሊሆን ይችላል። "አስከትሏል" ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ ከሌላችሁ "አብሮ ታይቷል" በሉ።

ደረጃ 6፦ ተቃዋሚውን በሙሉ ኃይሉ አቅርቡት

ጽሑፉ የሚያሳምነው ወይም የሚወድቀው እዚህ ነው። ጊዜ ስጡት።

መጀመሪያ የተቃዋሚውን ሐሳብ እሱ ራሱ ቢያነበው "አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው" በሚልበት መንገድ ጻፉ። "አንዳንድ ለውጥ የማይወዱ ሰዎች" ብላችሁ ከጀመራችሁ አበላሽታችኋል። አንባቢያችሁ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ሊሆን ይችላልና፣ ሰደባችሁት ማለት ነው።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ተቃውሞ ከሦስቱ የመልስ ዓይነቶች አንዱን ምረጡ።

በማስረጃ መመለስ። "ሰዓቱ ቢዘገይ ያንኑ ያህል አምሽተው ይተኛሉ" ይላል ተቃዋሚው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ደግሞም ሊለካ የሚችል ነው። የሲያትሉ 34 ደቂቃ እዚህ ይገባል። የተጨመረው 55 ደቂቃ ሆኖ የተገኘው እንቅልፍ 34 ደቂቃ መሆኑን ግን አትደብቁ። "የተጨመረው ጊዜ ሁሉ እንቅልፍ አልሆነም፤ የሚበልጠው ግን ሆኗል" በሉ። እንዲህ ያለ ሐቀኝነት አንባቢውን ያቀርባል።

አምኖ መመዘን። "ጠዋት ማልደው ሥራ የሚገቡ ወላጆች ልጃቸውን የት ያቆዩታል?" ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ችግር አይደለም ብላችሁ አትከራከሩ። "አዎ፣ አንዳንድ ቤተሰቦች ይቸገራሉ" በሉና፣ ጉዳቱ ስንቱን እንደሚነካ፣ ጥቅሙ ስንቱን እንደሚያዳርስ አስቀምጡ።

ሐሳቡን ማስተካከል። ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። ትምህርት ቤቱ ግቢውን በድሮው ሰዓት ቢከፍት፣ ቤተ መጻሕፍቱን ቀድሞ ለሚመጡ ተማሪዎች ክፍት ቢያደርግ፣ የወላጆቹ ጥያቄ በከፊል ይመለሳል። አውቶቡሶች የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በተራ የሚያመላልሱ ከሆነ ተራውን መገልበጥ አንድ አማራጭ ነው። ታዲያ ትንንሾቹ ምን ያህል ማልደው እንደሚነሡ አብራችሁ ማስላት አለባችሁ። ተቃውሞው ረቂቃችሁን አሻሻለው ማለት ነው፤ ይህንንም በግልጽ ጻፉት።

ተቃውሞውን መመለስ ካቃታችሁ፦ ሦስት መውጫ አለ። የአቋሙን ስፋት ቀንሱ። ወይም በሙሉ ትግበራ ፈንታ በጥቂት ትምህርት ቤቶች የሙከራ ጊዜ ጠይቁ። ወይም ተቃውሞው ውኃ ያነሳል ብላችሁ ካመናችሁ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱና አቋሙን ቀይሩ። ዝም ብሎ ማለፍ ብቻ አይሆንም። አንባቢው ያንን ተቃውሞ ያውቀዋል፤ ስትሸሹት ያያል።

የተቃውሞው ክፍል የት ይግባ? እንደተለመደው ከምክንያቶቹ በኋላ ነው። አንባቢው ከመነሻው በጥብቅ የሚቃወም ከሆነ ግን ዋናውን ተቃውሞ ወደ ፊት አምጡት። እሱ ሳይመለስለት ሌላውን አይሰማችሁም።

ደረጃ 7፦ ምን ይደረግ የሚለውን ጻፉ

"አስፈላጊው ትኩረት ይሰጠው" ብሎ መጨረስ ክልክል ነው። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ፣ በምን ገንዘብ፣ ስኬቱ በምን ይለካል? ለምሳሌያችን፦ ቦርዱ በዚህ መንፈቅ ውሳኔውን ያሳልፍ፤ የትራንስፖርት ክፍሉ ወጪውን አስልቶ ያቅርብ፤ ትምህርት ቤቶች ከለውጡ በፊትና በኋላ የማርፈድና የመቅረት ቁጥር ይመዝግቡ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ውጤቱ ይገምገም። የግምገማ ቀን ያለው ሐሳብ "እሺ" ለማለት ይቀላል፤ ካልሠራ መመለሻ መንገድ አለውና።

ደረጃ 8፦ መግቢያውንና ርዕሱን አሁን ጻፉ

መግቢያን መጀመሪያ መጻፍ ብዙ ሰዓት ይበላል። የሚያስተዋውቁት ነገር ሲያልቅ በጥቂት ዐረፍተ ነገር ይወጣል፦ ችግሩ፣ ለምን አሁን፣ አቋማችሁ። ርዕሱም አቋሙን ይናገር።

ደረጃ 9፦ አርሙ

አንድ ቀን አሳድሩትና እንዲህ አርሙት፦

1. ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ትንፋሽ ያሳጠራችሁን ዐረፍተ ነገር ሁለት አድርጉት።
2. "ጥናቶች እንደሚያሳዩት"፣ "ሁሉም እንደሚያውቀው"፣ "ምንም ጥርጥር የለውም" የሚሉትን ፈልጉ። የመጀመሪያውን ጥናቱን በመጥቀስ ተኩት፤ ሁለቱን ሰርዙ።
3. እያንዳንዱን ቁጥር ከምንጩ ጋር አመሳክሩ፤ ከማስታወሻችሁ ጋር ብቻ አይሁን።
4. ለዚያ ለማይስማማው ሰው ስጡት። "እንዴት አየኸው?" አትበሉት፤ "ጥሩ ነው" ይላችኋል። ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ምን እንዲደረግ ነው የጠየቅኩት? የትኛው ገጽ ላይ ነው ማመን ያቆምከው?

የመጀመሪያውን ጥያቄ በትክክል ካልመለሰ ጥፋቱ ደረጃ 2 ላይ ነው። ማመን ያቆመበት ቦታ የምክንያት አንቀጽ ከሆነ ድልድዩን ፈትሹ። የተቃውሞው ክፍል ከሆነ ደግሞ የእሱን ሐሳብ አሳንሳችሁ አቅርባችሁታል፤ በራሱ አንደበት እንዲነግራችሁ አድርጉና እንደነገራችሁ አስገቡት።

ሌሎች የተለመዱ ችግሮች

ጽሑፉ ረዘመ። ከየአንቀጹ ቃል አትልቀሙ። ደካማውን ምክንያት ሙሉውን አውጡት።

ጽሑፉ አጠረ። ዳራ አትጨምሩ። መልስ ያላገኘ ተቃውሞ አለ ማለት ነው፤ ወደ ሰንጠረዡ አራተኛ ዓምድ ተመለሱ።

ስብከት ስብከት አለ። "ይገባል" እና "አለበት" የሚሉትን ቁጠሩ። ከአቋሙና ከመጨረሻው የውሳኔ ሐሳብ ውጭ ያሉትን አብዛኞቹን በማስረጃ ተኩ።

የማስረከቢያው ሰዓት ደረሰ፣ ግን ሁሉም አላለቀም። አቋሙን፣ አንድ ጠንካራ ምክንያትና ዋናውን ተቃውሞ ከነመልሱ አሟሉ። ሌላውን ተዉት።